ራቭፎር፦ የፊት ፍሬን ዲስክ ሁለቴ አስቀየርኩ፣ መሪው አሁንም ይንቀጠቀጣል

የሦስት_ልጆች_እናት | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም የምል ነኝ። ዛሬ ግን ጨንቆኝ ጻፍኩ።

መኪናዬ የ2008 ሞዴል ራቭፎር ናት፣ ካምቢዮዋ ኦቶማቲክ። ሦስት ልጆች፣ አንዳንዴ እናቴም ተጨምራ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ እንወጣለን። ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስይዝ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ፔዳሉም እግሬን ደግሞ ደጋግሞ ይመታኛል። ፍሬን ሳልይዝ ስሄድ ምንም የለም። ቀስ ብዬ ስነዳም ብዙ አይታወቅም፤ ከ60 በላይ ሆኜ ስይዝ ነው የሚብሰው።

ከስምንት ወር በፊት አንድ ጋራዥ «ዲስኩ ጠሟል» አሉኝ። ሁለቱንም የፊት ዲስኮች ከነፍሬን ሸራው አስቀየርኩ። ሁለት ወር ያህል ሰላም ሆነ። ከዚያ ተመለሰ። ሌላ ጋራዥ ስሄድ «የገጠሙልሽ ቻይና ነው፣ ኦሪጅናል ግዢ» አሉኝ። ገዛሁ። ስንት እንዳወጣሁ እዚህ አልጽፍም፣ ባለቤቴ ይህን መድረክ ያነባል። ይኸው ሦስት ወር ሳይሞላ መንቀጥቀጡ እንደገና ጀመረ። አሁን ሁለተኛው ጋራዥ «መሪ ክፍሉን እንይልሽ» እያለኝ ነው።

ምን ይሻለኛል?

---

ሸራ_ቀያሪ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:05

እህቴ የጎማ ባላንስ አሠሪ። የኔም እንደዛ ሆና ጎሚስታ ጋ ባላንስ አሠርቼ ለቀቃት።

---

ቶርኖ_ቤት | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:22

ባላንስ አይደለም። ባላንስ ቢሆን ፍሬን ሳትይዝም መሪው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በተለይ ከ80 በላይ። እሷ «ስይዝ ብቻ» ነው ያለችው።

እህቴ አዲስ ዲስክ መግዛት አቁሚ። ያለሽን ፍቺና ብረት የሚልጥ ቶርኖ ቤት ይዘሽው ሂጂ። በስሱ ይላጥልሻል፣ ያልቃል። ሰው ዝም ብሎ ሶማሌ ተራ ገንዘቡን ይበትናል።

---

ሸራ_ቀያሪ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:24

እሺ ተሳስቻለሁ 😅

---

ጡረተኛው_መካኒክ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 1:50

ልጄ፣ ታሪክሽን ሁለቴ አነበብኩት። መልሱ ያለው አንቺው በጻፍሽው ውስጥ ነው። «ሁለት ወር ሰላም ሆነ፣ ከዚያ ተመለሰ።» በቃ። ዲስኩን የገጠመልሽን ሰው እንጂ ዲስኩን አልጠረጥርም።

«ዲስክ ጠሟል» የሚለውን ቃል ሠላሳ ዓመት ስሰማው ኖሬያለሁ፣ እኔም ብዬዋለሁ። እውነቱ ግን ወፍራም የብረት ዲስክ እንደ ቆርቆሮ በቀላሉ አይጣመምም። ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው። ዲስኩ የሚቀመጠው ሞዞው ላይ ነው፣ ማለትም ጎማው የሚታሰርበትና አብሮት የሚዞረው ብረት ላይ። አሮጌው ዲስክ ሲወጣ የሞዞው ፊት ዝገት ይዞ ይገኛል። መካኒኩ ቸኩሎ ዝገቱን ሳያጸዳ አዲሱን ዲስክ ላዩ ላይ ያስቀምጠዋል። ሞዞው ላይ ያለች የወረቀት ያህል የሳሳች ዝገት ዲስኩ ጠርዝ ላይ ስትደርስ እጥፍ ትሆናለች፣ ምክንያቱም ዲስኩ ከሞዞው ይሰፋል። ስለዚህ ዲስኩ ሲዞር በጥቂቱ ይዋልላል። በዓይን አይታይም። በመጀመሪያው ቀን ስትነጂም አይሰማሽም፣ ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን የሚጨምቀው ካሊፐር አብሮት ወዲያ ወዲህ ይላልና።

ግን በእያንዳንዱ ዙር ያቺ የወጣች ጎን ሸራውን ነካ ታደርጋለች። ፍሬን ባትይዢም። አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር። ያ ቦታ ከሌላው ይልቅ ይሳሳል። አሁን የዲስኩ ውፍረት እኩል አይደለም ማለት ነው። ወፍራሙ ቦታ በሸራው መሃል ሲያልፍ ካሊፐሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋዋል፣ ፒስተኑ ዘይቱን፣ ዘይቱ ፔዳሉን፣ ፔዳሉ እግርሽን። ይህን ለማድረግ የሚበቃው ልዩነት ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ወይም ከሁለት መቶኛ አይበልጥም። የራስ ፀጉር ከዚህ ብዙ እጥፍ ይወፍራል።

ሁለቴ ተመሳሳይ ነገር የሆነብሽ ለዚህ ነው። ዲስኩን ቀየሩ፣ ዝገቱ ግን እዚያው ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ሦስተኛ ጋራዥ ስትሄጂ «ዲስክ ቀይሩ» አትበያቸው። «ዳያል ጌጅ አላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ሰዓት የሚመስል፣ መርፌ ያለው መለኪያ ነው። ዲስኩ መኪናው ላይ እንዳለ፣ ጎማው ብቻ ወልቆ፣ የጎማ ዳዶዎቹ ተመልሰው ጠበቅ ተደርገው መርፌውን ዲስኩ ላይ ያስደግፉና ቀስ ብለው ያዞሩታል። ውልልቱ ከ0.05 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ዳያል ጌጅ የላቸውም? አመስግነሽ ውጪ።

ሁለተኛ፣ ሸራዎቹን አውጥተው ያሳዩሽ። ከአንድ ጎማ የውስጠኛውና የውጭኛው ሸራ ጎን ለጎን ይቀመጡ። የውስጡ በጣም ካለቀና የውጪው ወፍራም ከሆነ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀዋል ማለት ነው። ካሊፐሩ መንሸራተት አቅቶት በአንድ በኩል ብቻ እየነከሰ ነው። ይህም ዲስክ ያቃጥላል።

ሦስተኛ፣ የዲስኩ ዳር ወይም መሃሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። ዝቅተኛው ውፍረት በሚሊ ሜትር ተጽፏል። ብዙ ጊዜ ከአዲሱ የሚያንሰው በ2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በታች የሆነ ዲስክ ምንም ቢያምር ይጣላል። ሲሳሳ ሙቀት የሚሸከምበት አካል ያጣል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል።

ስለ ቶርኖው፣ ወንድሜ ቶርኖ_ቤት አይቀየምና፣ ሞዞው ሳይጸዳ ዲስክ ማስላጥ ያው ነው። ሁለት ወር ሰላም፣ ከዚያ ተመልሶ መምጣት። ያውም ዲስኩ ሳስቶ።

---

ቶርኖ_ቤት | እሑድ፣ ከጠዋቱ 3:10

አልቀየምም ጋሼ። ግን አንድ ነገር ልበል። ውፍረቱ አንዴ ከተለያየ ሞዞውን ቢያጸዱትም መንቀጥቀጡ አይጠፋም። ያን ጊዜ ወይ አዲስ ነው፣ ወይ የኔ ሥራ ነው። አንድ ሰው ሲመጣብኝ መጀመሪያ በማይክሮሜትር ዙሪያውን ስምንት ቦታ እለካለሁ። ከተላጠ በኋላ ከዝቅተኛው በታች የሚወርድ ከሆነ አልሠራም ብዬ እመልሰዋለሁ። እዚያ ማዶ ያለው ቶርኖ ግን ይሠራለታል፣ ምን ላድርግ።

---

ጡረተኛው_መካኒክ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 3:31

በዚህ እንስማማለን። ጽዳቱ ይቅደም፣ ቶርኖው ይከተል።

---

ቨርጂኒያ_ያለሁት | እሑድ፣ ከቀኑ 10:15

እዚህ በክረምት መንገድ ላይ ጨው ስለሚበትኑ ሞዞና ዲስክ ተጣብቆ አንድ ይሆናል። የራሴን ራቭፎር ሁሌ ራሴ ነው የምሠራት፣ ጋራዥ በሰዓት የሚያስከፍለው ሰው ስለሚያስለቅስ። ጥቂት ልጨምር።

ዲስኩ አልወጣ ሲል በመዶሻ መደብደብ አያስፈልግም። የቶዮታ ዲስክ መሃሉ ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት። 8 ሚሊ ቡሎን ሁለቱም ውስጥ አስገብታችሁ ተራ በተራ ስታጠብቁት ዲስኩ ራሱ ተገፍቶ ይወጣል። ይህን ሳላውቅ በፊት አንድ ኩሽኔታ በመዶሻ ገድያለሁ።

ካሊፐሩ ሲወልቅ በቱቦው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር። በሽቦ ስፕሪንጉ ላይ እሰሩት። ቱቦው ውስጡ ሲቀደድ ከውጭ አይታይም።

ሞዞው በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ይጸዳል። ከዚያ ፒኖቹ ተወልቀው ተጠርገው ለፍሬን የሚሆን የሲሊኮን ግሪስ ይቀባሉ። ተራ ግራሶ አትቀቡ፣ የፒኑን ላስቲክ ያሳብጠዋል፣ ፒኑ ከበፊቱ ብሶ ይነክሳል።

አዲስ ዲስክ ዝገት እንዳይዘው ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ፣ ከሌለ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቦ ማድረቅ ነው። በቤንዚን የሚያጥቡ አይቻለሁ። ተዉት፣ እሳት ነው።

ትልቁ ነገር የጎማ ዳዶ ነው። ጎሚስታው በኤር መፍቻ ትርርርር አድርጎ ሲያጠብቀው አንዱ 200 ይሆናል፣ አንዱ 90። ዲስኩ ሞዞው ላይ እኩል አይቀመጥም። ለዚች መኪና 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ ቁልፍ፣ በኮከብ ቅርጽ ተቃራኒ ተቃራኒውን። አንድ ዳዶ አጥብቆ ጎረቤቱን መከተል አይደለም።

---

የሦስት_ልጆች_እናት | እሑድ፣ ከምሽቱ 1:20

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥዎት። ሁለቱም ጋራዦች ሞዞ ሲያጸዱ አላየሁም። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ዳዶውንም ሁለቱም በኤር ነው ያጠበቁት። ባለፈው ወር ጎማ ሲፈስብኝ በእጅ መፍቻ መፍታት አቅቶኝ የሰፈር ልጅ ቆሞበት ነው የተፈታው።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ሁልጊዜ ከእንጦጦ ስወርድ ለምን ይብሳል?

---

ጡረተኛው_መካኒክ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:05

ጥሩ ጠየቅሽ። ቁልቁለቱን በምን ማርሽ ነው የምትወርጂው?

---

የሦስት_ልጆች_እናት | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:09

በዲ። ኦቶማቲክ አይደል?

---

ጡረተኛው_መካኒክ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:34

ይኸው። ዲ ላይ ሆነሽ ስትወርጂ ሞተሩ ብዙ አይይዝልሽም፣ ፍሬኑ ብቻ ነው የሚሠራው። ዲስኩ ይግላል። ከዚያ ሽሮ ሜዳ ስትደርሺ መንገዱ ተዘግቷል፣ ሰዉ ጋቢና ነጠላ ሊገዛ ወጥቷል፣ ታክሲው ቆሟል። አንቺም ፍሬን ረግጠሽ ትቆሚያለሽ። የጋለው ሸራ በጋለው ዲስክ አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ይቆያል። ሸራው ትንሽ ይቀልጥና ማህተሙን ትቶ ይሄዳል። ያ ቦታ ከሌላው ጋር እኩል አይነክስም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። በጣም ሲብስ ብረቱ ራሱ እዚያ ቦታ ላይ ይጠነክራል፣ ቶርኖም አያነሳው።

ስትወርጂ ማርሹን ወደ 2 አውርጂው፣ በጣም ቁልቁል ሲሆን ኤል። ሞተሩ ይጮኻል፣ አትደንግጪ። ፍሬን ጠበቅ አድርገሽ ትይዣለሽ፣ ትለቂያለሽ። እግርሽን ፔዳሉ ላይ ጭነሽ አትውረጂ። ስትቆሚ ደግሞ ከፊትሽ ካለው መኪና ራቅ ብለሽ ቁሚና ቦታ ካለ በየጥቂቱ ፈቅ በይ፣ ሸራው አንድ ቦታ እንዳይቀመጥ።

ሌላም አለ። ከእንጦጦ ወርደሽ ቀጥታ ላቫጆ እንዳትገቢ። የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በግፊት ሲረጩበት ምን እንደሚሆን የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ደፍቶ ያየ ሰው ያውቀዋል።

---

የጎጃም_መንገድ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:00

እንጦጦ ምን አላት። እኔ ባሕር ዳር የምመላለስ ሰው ነኝ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድዩ ወደ 1,400 ሜትር ቁልቁል ነው። አንድ ጊዜ ሙሉ ቤተሰብ ከነሻንጣ ጭኜ በዲ ወረድኩ። ድልድዩ ጋ ልደርስ ስል ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆነ። ረገጥኩት፣ ወለሉ ላይ ደረሰ። ደጋግሜ ስመታው ትንሽ ያዘ። በከባድ ማርሽና በእጅ ፍሬን አቁሜያት ከዛፍ ሥር ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ሚስቴ አላናገረችኝም።

በኋላ የፍሬን ዘይቱ ከገባ አምስት ዓመት እንደሆነው አወቅን።

---

ቨርጂኒያ_ያለሁት | ሰኞ፣ ከቀኑ 9:30

የፈላብህ ዘይቱ ነው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ይችላል። ግን ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ ሲያረጅ መፍያው ወደ 140 ይወርዳል። ሲፈላ ውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ሲረገጥ ይታመቃል። ስፖንጅ የሆነው ለዚህ ነው። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ ግን የጋለው ሸራው ነው። ሁለቱ ይለያያሉ። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር ነው።

ሥራ ቦታ ተቀምጬ ሂሳቡን ሠራሁት። ከነሰውና ከነሻንጣው 1,900 ኪሎ የምትመዝን መኪና 1,400 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ሊያፈላ ምንም አይቀረው። ሞተሩና ነፋሱ ካልተጋሩት ሁሉም ዲስኩ ላይ ነው የሚያርፈው።

---

የጎጃም_መንገድ | ሰኞ፣ ከቀኑ 9:41

አራት ጀሪካን! ይህን ለሚስቴ አላሳያትም።

---

መብራት_ነጂ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:15

ጨዋታችሁን ልጠልፍ አይደለም ግን፣ በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ሲከለከል ኤሌክትሪክ ገዛሁ። የቮልስዋገን አይዲ 4 ናት። ዲስኩ ዝገት ብቻ ሆኗል፣ ጠዋት ጠዋት ስነሳ ክርርር ይላል። ችግር ነው?

---

ጡረተኛው_መካኒክ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:50

ያንተ ችግር የእህታችን ተቃራኒ ነው። እሷ ፍሬኗን አበዛችው፣ አንተ ሥራ አሳጣኸው። መኪናህ ስትቀንስ ሞተሩ ራሱ ይይዝና ባትሪ ይሞላል፣ ሸራው ዲስኩን ብዙም አይነካም። ዝናብ ያደረበት ቀጭን ዝገት በጥቂት መያዝ ይጠረጋል፣ አያሳስብህ። ወራት ሲቆይ ግን ዲስኩን ይበላዋል። በሳምንት አንዴ ባዶ መንገድ ላይ ጠንከር አድርገህ ጥቂት ጊዜ ያዝ። ባትሪው ሙሉ የሆነ ጠዋት ይመረጣል፣ ያኔ ሞተሩ ብዙ አይይዝልህም፣ ዲስኩ ይሠራል። የኋላው የአይዲ 4 ደግሞ ዲስክ ሳይሆን የከበሮ ፍሬን ነው፣ እዚያ አትፈልግ።

---

የሦስት_ልጆች_እናት | የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:00

ተመለስኩ! ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

አራት ጋራዥ ደወልኩ። «ዳያል ጌጅ አላችሁ?» ስል ሦስቱ ሳቁ። አራተኛው «አለን፣ ማን ነገረሽ?» አለኝ። እሱ ጋ ሄድኩ።

የግራው ዲስክ 0.13 ሚሊ ሜትር ዋለለ። የቀኙ 0.06። ዲስኩን ሲያወጡት የግራው ሞዞ ላይ ዝገቱ እንደ ቅርፊት ተላጦ ወደቀ። ፎቶ አንስቼዋለሁ። በብሩሽ አጽድተው መልሰው ሲለኩት 0.03 ሆነ። ያው ዲስክ ነው! እዚያው ቆሜ ማልቀስ ቃጣኝ። በተለይ የመጀመሪያውን ጥንድ ዲስክ ለቆራሊዮ በነጻ መስጠቴ ትዝ ሲለኝ።

የግራው ካሊፐር የታችኛው ፒን ደርቆ በፒንሳ ተይዞ ነው የወጣው። የውስጡ ሸራ ከ3 ሚሊ በታች ሆኗል፣ የውጪው ገና 8 ነው። ጋሼ እንዳሉት።

ዲስኩ ውፍረቱ ተለያይቷል ግን ከዝቅተኛው ገና በደንብ ይበልጣል። ስለዚህ ቶርኖ ሄደ (ቶርኖ_ቤት፣ ደስ ይበልህ)። በጣም በስሱ ነው የላጡት። ሸራ አዲስ፣ የፍሬን ዘይትም አዲስ። አሮጌው ዘይት የቆየ ቡና ይመስል ነበር። ዳዶውን በቶርክ ቁልፍ አስጠበቅኩ። ልጁ «103» ስለው «ባለሙያ ነሽ እንዴ?» አለኝ።

እሑድ ጠዋት ቀለበት መንገድ ባዶ ሳለ ሸራውን አላመድኩ። መካኒኩ እንዳለኝ ከ60 ወደ 15 አካባቢ፣ ሳላቆም፣ አሥር ጊዜ ያህል፣ ከዚያ እንዲበርድ ዝም ብዬ ነዳሁ። ትንሹ ልጄ «እማዬ አስመለሰኝ» አለ። ከዚያ ውጪ ሁሉም ሰላም ነው። ትናንት ከእንጦጦ በ2 ወረድኩ። መሪው ውሃ ነው።

አንድ የቀረኝ አለ። ከኋላ ስወጣና ስገባ ሲጢጥ ይላል፣ እጅ ፍሬን ሳልይዝም።

---

ጡረተኛው_መካኒክ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:45

ጎሽ ልጄ። የኋላው ዲስክሽ ውስጥ የእጅ ፍሬኑ ትንንሽ የከበሮ ሸራዎች አሉ። አቧራ ገብቶ ይሆናል፣ ወይም ሽቦው አልላላ ብሎ እየታከከ። ዲስኩ ይውጣ፣ በስፕሬይ ይታጠብ፣ ማስተካከያው ይታይ። ከባድ አይደለም። የሞዞውን ፊት ግን…

---

የሦስት_ልጆች_እናት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:47

…አጸዳለሁ ጋሼ፣ አጸዳለሁ!

---

የልጆቹ_አባት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:10 | አዲስ አባል

ሁለቱንም ደረሰኝ ኮመዲኖው ውስጥ አግኝቻቸዋለሁ።